በሚዛን ብቻ የማይለካ ብር፦ በቸርችል ጎዳና አካባቢ ስላገኘሁት የአሮጌ ሳንቲሞች ግምት አገልግሎት

አያቴ ካረፉ በኋላ ከልብስ ሣጥናቸው ሥር አንድ የስንደዶ ሙዳይ ወጣ። በውስጡ፣ በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ተቋጥረው፣ 31 ሳንቲሞች ነበሩ፤ ዘጠኝ ጠገራ ብር፣ አንድ የምኒልክ ብር፣ አንድ አላድ፣ አራት ግርሽ፣ ሦስት የመዳብ መቶኛ፣ ስድስት የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም፣ አራት ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ አንድ የጣልያን ሊሬ፣ እንዲሁም ጥፍር የምታህል፣ አረንጓዴ ዝገት የሸፈናት አንዲት ትንሽ መዳብ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ይህ ሁሉ ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የሚመልስ ሰው ጠፋ። አንደኛው አጎቴ ቤት ያስገዛል አሉ፤ ሁለተኛው ለአንጥረኛ ሰጥቶ መስቀል ከማሠራት በቀር ዋጋ የለውም አሉ። እውነቱን ለማወቅ ሦስት ቤቶችን አንኳኳሁ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት በሦስተኛው፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ በቸርችል ጎዳና አካባቢ በሚገኝ አንድ ጠባብ የጥንት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ስላገኘሁት አገልግሎት የምሰጠው አስተያየት ነው። ባለቤቱ በሱቃቸው ብር መኖሩ በሰፊው እንዲወራ ስለማይፈልጉ ስማቸውን እንዳልጠቅስ ጠይቀውኛል፤ እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች በአጭሩ ልናገር፤ ከእነርሱ የተማርሁት ሦስተኛውን ለመመዘን ጠቅሞኛልና። የመጀመሪያው ወርቅ ቤት ነበር። ሠራተኛው ሳንቲሞቹን በአንድ ሰሐን ላይ አፍስሶ፣ መዳቡን ለይቶ ወደ ጎን ገፋና የቀረውን በአንድነት መዘነ፤ ከዚያም በግራም ሂሳብ አንድ ዋጋ ነገረኝ። አንዱንም ገልብጦ አላየም። የምኒልኩ ብርና ጠገራው፣ ግርሹና ሃምሳ ሳንቲሙ በእርሱ ዓይን አንድ ነበሩ። ሁለተኛው ቤት ለጎብኚዎች ጌጣጌጥ የሚሸጥ ነበር፤ እዚያም ያገኘኋት ሴት ብሩ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ ብላ፣ ሳታስፈቅደኝ፣ አንዱን ጠገራ ብር በሎሚና በአመድ ፈተገችው። ብሩ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ፤ እኔም ደስ አለኝ። ያ ደስታ ስንት እንዳስከፈለኝ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

ሦስተኛውን ሱቅ የጠቆመኝ መጻሕፍት የሚሸጥ ወዳጄ ነው። ባለቤቱ በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ አዛውንት ናቸው። ስገባ ሙዳዩን ተቀብለው ከመክፈታቸው በፊት «ልጄ፣ ልትሸጠው ነው ወይስ ልታውቀው?» ብለው ጠየቁኝ። «አስቀድሜ ላውቀው ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አልኋቸው። ለማወቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሳንቲም አነስተኛ የግምት ክፍያ እንደሚያስከፍሉ፣ ለመሸጥ ከሆነ ግን ክፍያ እንደሌለ፣ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የሚናገሩት የገዢ ቃል መሆኑን እንዳልረሳ አስጠነቀቁኝ። ይህችን አንዲት አነጋገር የዚህ አገልግሎት ትልቁ ቁም ነገር አድርጌ እቆጥራታለሁ፤ ገማችና ገዢ አንድ ሰው ሲሆን ሻጭ ምን ያህል እንደሚጎዳ በመጀመሪያው ቤት አይቼው ነበርና።

በጠረጴዛቸው ላይ ያለው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ የማጉያ መነጽር፣ ውፍረትና ስፋት የሚለካ ካሊፐር፣ ማግኔት፣ ውኃ የያዘ ብርጭቆ፣ አንድ ቀጭን ክርና ብርሃኑን ወደፈለጉበት የሚያዞሩት መብራት። ሳንቲሙን የሚይዙት በጠርዙ ብቻ ነው፤ ፊቱን በጣት አይነኩም። የፈተናቸውንም ምክንያት ሳይጠየቁ ያስረዳሉ።

ከጠገራ ብር ጀመሩ። ጠገራ ብር ብለን የምንጠራው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ታለር መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ «ማርትሬዛ» የሚለውም መጠሪያ ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን በሁሉም ላይ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት መታተሙ የሳንቲሙን ዕድሜ የማይናገር መሆኑን ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 ነው፤ ከሞተች በኋላም ገንዘቡ በቀይ ባሕር ዙሪያና በእኛ አገር ገበያ ተፈላጊ ስለነበረ ያው ዓመት ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ። በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖና በቬኒስ ተመትቷል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም አስመታው፤ ብዙም ሳይቆይ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም መቱት፤ በጦርነቱ ዘመን ቦምቤይም ተጨመረች። ቪየና እስከ ዛሬም ድረስ ትመታዋለች። ስለዚህ «የ1780 ብር አለኝ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚል ሻጭ ባይዋሽም ተሳስቷል፤ በእጁ ያለው ብር አያቱ ከተወለዱ በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል።

አዛውንቱ ዘጠኙን በመነጽር ሲያዩ ከ20 ደቂቃ በላይ ወሰዱ። አስቀድመው እውነተኛነቱን ነው የሚፈትኑት። ሙሉው ብር 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ። ክብደቱ ትክክል መሆኑ ብቻ ግን አያሳምናቸውም፤ የተካነ አስመሳይ ክብደቱን ያስተካክለዋልና። ስለዚህ ውኃ የያዘውን ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ንባቡን ዜሮ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለው ታቹን ሳይነካ ውኃው ውስጥ ያጠልቁታል። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ካነበበ የሳንቲሙ መጠንና ክብደት እንደዚህ ካለው የብር ቅይጥ ጋር ይስማማሉ፤ ከናስ የተሠራ ማስመሰያ ከሆነ ግን ያንኑ ክብደት ለማግኘት መጠኑ መብለጥ ስላለበት ንባቡ ከ3.2 በላይ ይወጣል። ይህን ፈተና ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላል፤ ሳንቲሙንም አይጎዳም። ሎሚና አመድ ከዚህ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።

ከዚያ ጠርዙን ያያሉ። በእውነተኛው ብር ጠርዝ ላይ የንግሥቲቱ መሪ ቃል፣ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ማለትም «ፍትሕና ምሕረት»፣ በላቲን ፊደል ጎልቶ ተቀርጿል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ማስመሰያ ይህን ጽሑፍ ጥርት አድርጎ ማውጣት ያቅተዋል፤ ፊደሉ ያብጣል ወይም የስፌት መስመር የመሰለ ነገር ጠርዙን ይዞራል። ወላጆቻችንም ይህን ጥንቃቄ በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር፤ በገበያ ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቁዎች ይፈትሹ፣ የተላሰውንም ይመልሱ ነበር። ያለ ፊደል፣ ያለ መነጽር ገንዘብ ማንበብ ያውቁ እንደነበር አዛውንቱ ሲነግሩኝ አያቴን አሰብኋቸው፤ እርሳቸውም ብር በድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጡ ነበር።

የትኛው ብር በየት እንደተመታ የሚለየው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። የንስሩ ጅራት ላባ አቀማመጥ፣ በጌጡ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች፣ በጽሑፉ መካከል ያሉት ነጥቦችና ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው የመስቀል ቅርጽ ከመምቻ ቤት መምቻ ቤት ይለያያሉ። ከዘጠኙ ስድስቱ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የተመቱና በብዛት የሚገኙ መሆናቸውን ነገሩኝ፤ የእነዚህ ዋጋ በውስጣቸው ካለው ብር ብዙም አይርቅም። አንዱ ግን ከዚያ የቆየ አመታት ያለው ሆኖ ተገኘ፤ ፊቱም በደንብ ይነበባል። ሰብሳቢ ከብሩ ዋጋ እጅግ አብልጦ የሚከፍልበት እንዲህ ያለው ነው። ችግሩ፣ ያ ሁለተኛው ቤት በሎሚና በአመድ የፈተገው ይህንኑ ብር መሆኑ ነበር።

አዛውንቱ ብሩን በመብራቱ ሥር እያዘነበሉ «ወዙን ገፈፉት» አሉ። በሳንቲም ሰብሳቢዎች ዘንድ ከብዙ ዓመት ዕድሜ የመጣው ጠቆር ያለ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ ሳንቲሙ ያልተነካ መሆኑን የሚመሰክር ነው። በፍትጊያ ሲወገድ ከሥሩ የሚቀረው ገጽ በማጉያ ሲታይ በጥቃቅን ጭረት የተሞላ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጭረት የሚመልስ ነገር የለም። ለዚህ አንድ ብር ያወጡት ግምት፣ ባይፈተግ ኖሮ ሊሰጡት ከሚችሉት ግማሽ ያህል ነበር። ሁለቱን ግምቶች ጎን ለጎን ጽፈው ሲያሳዩኝ እጅግ አዘንሁ። ይህን የማነሣው፣ አሮጌ ሳንቲም በእጁ ያለ ሁሉ ወደ ገማች ከመውሰዱ በፊት እንዳያጥበው፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በእንዶድም፣ በሎሚም እንዳይነካው አጥብቄ ለመለመን ነው።

የቀሩት ሁለቱ ጠገራ ብሮች አናታቸው ላይ የማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶባቸዋል፤ በአንድ ወቅት በድሪ ላይ ተንጠልጥለው በአንገት ይዞሩ ነበር። ለሳንቲም ሰብሳቢ ብየዳው ጉድለት ነው፤ ዋጋውን ወደ ብሩ ዋጋ ያወርደዋል። አዛውንቱ ግን ቀለበቱን እንዳላስነሣው፣ ብየዳው ቢነሣም ጠባሳው እንደማይጠፋ፣ እንደ ጌጥ ግን ከነድሪው የሚፈልገው ሌላ ገዢ እንዳለ መከሩኝ። በዚህ ምክራቸው የሚያገኙት ምንም ጥቅም አልነበረም።

ወደ ምኒልክ ብር ስንመጣ ፊታቸው በራ። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የራሳቸውን ገንዘብ ለመምታት ከወሰኑ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ብሮች በፓሪስ ተመቱ፤ በላያቸውም ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት ተጻፈ። በኢንተርኔት በሚሸጡ ሳንቲሞች ላይ ዘወትር የማየው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ሻጮች ይህን ዓመት በፈረንጆች 1887 አድርገው ይጽፉታል። ቁጥሩ ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር 1894 እና 1895ን ይይዛል። የግእዝ ቁጥር ማንበብ የማይችል ገማች የምኒልክን ገንዘብ መገመት አይችልም፤ ፲፰፻፹፯ን ከ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ን ከ፲፰፻፺፭ መለየት የዋጋ ጉዳይ ነውና። ምስሉም ላይ ልዩነት አለ፤ መስቀል ያለበትን በትር የያዘው አንበሳ በአንዳንዱ ብር ላይ ግራ የፊት እግሩን፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ቀኙን አንሥቷል። የእኔን ብር ዓመቱን በመነጽር አንብበው፣ እግሩን አይተው፣ ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጡት። ቅደም ተከተሉ በመጀመሪያው ወርቅ ቤት ካየሁት የተገላቢጦሽ ነበር።

የምኒልክ ብር ክብደቱም የብር መጠኑም ሆን ተብሎ ከጠገራው ጋር እንዲቀራረብ የተደረገ ነው፤ 28.08 ግራም ገደማ፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ለመተው ዘገየ። የራሱን ንጉሥ ምስል ትቶ የባዕድ ንግሥት ምስል መያዙ ዛሬ ሊያስደንቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ገንዘብን የሚያምነው በልማድ ነው፤ ጣልያንም እ.ኤ.አ. በ1918 ከማሪያ ቴሬዛዋ ጋር የሚመሳሰል የራሷን ታለር ለኤርትራ መትታ ገበያውን ለመውሰድ ስትሞክር አልተሳካላትም። በመነጽሩ ሥር ያለው የእኔ ብር መካከለኛ ጥራት ነበረው፤ የንጉሡ ዘውድ ጥርት ብሎ ይታያል፣ የፊታቸው ከፍታ ግን ተልሷል። አዛውንቱ የሰጡት ግምት ከጠገራው በእጅጉ የበለጠ ነበር፤ ወርቅ ቤቱ ከጠገራዎቹ ጋር ቀላቅሎ እኩል ዋጋ የሰጠው ይኸው ብር ነው።

አላዱ የብር ግማሽ ነው፤ ግርሹ ደግሞ የብር ሃያኛ፣ 1.4 ግራም ብቻ የሚመዝን ቀጭን ብር። ከአራቱ ግርሾች ሦስቱ ተበስተው ነበር፤ ለአንገት ጌጥ መሆናቸው ነው። እነዚህን በፍጥነት አለፏቸው፤ የተበሳ ግርሽ በብዛት ስለሚገኝ ዋጋው ከብሩ አይዘልም። በመሐሉ አንድ ጨዋታ አነሡ፤ በቋንቋችን ብረቱም ገንዘቡም አንድ ስም መያዛቸውን፣ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንልም ከገበያ የጠፋውን ትንሽ የመዳብ ገንዘብ በአፋችን ማቆየታችንን አስታወሱኝ። መቶኛዎቹ በ1923 ዓ.ም. የተመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መዳቦች ናቸው፤ ክፉኛ ስለተላሱ ብዙ አላነጋገሩም። ሽልንጉ ከ1933 በኋላ እንግሊዞች በአገራችን ካዘዋወሩት ገንዘብ የቀረ ሲሆን ከሩብ የማይበልጥ ብር ብቻ አለበት፤ ሊሬውንም ከእርሱ ጋር ወደ ጎን አደረጉት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ከብሩ ይልቅ መዳቡ ነው። በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ሲመሠረት ከወረቀቱ ጋር የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ25 ሳንቲም መዳቦች፣ የ50 ሳንቲም ደግሞ ብር ወጣ። በሁሉም ላይ ያለው ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው፤ እንደ ማሪያ ቴሬዛው 1780 ሁሉ ይህም ዓመት ሳይለወጥ ለብዙ ዘመን ተመትቷል። ስለዚህ ከሃምሳ ሳንቲሞቹ ከፊሉ ከሺህ 800 እጅ፣ ከፊሉ ከሺህ 700 እጅ ብር ያላቸው ሲሆኑ ዓመታቸውን በማየት መለየት አይቻልም። ሃምሳ ሳንቲም 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ በመጀመሪያው ዓይነት 5.6 ግራም ገደማ፣ በሁለተኛው 4.9 ግራም ገደማ ነው። ሻጭ ሁሉንም በዝቅተኛው ሂሳብ ቢያሰላቸው አይጎዳም ብለው ለስድስቱም በዚያ ሂሳብ ጻፉልኝ።

ሃያ አምስት ሳንቲሞቹን ግን በዝግታ አዩ። ሦስቱ ጠርዛቸው እንደ አበባ ቅጠል ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ አራተኛው ሙሉ ክብ ነው። መጀመሪያ የወጣው ክቡ ነበር፤ በስፋቱ ከሃምሳው ብር ጋር ስለሚመሳሰል ሰዎች መዳቡን ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ስም ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት ማጭበርበሩን ለማቆም ጠርዙን አበባ አስመሰለው፤ ክቡም ከገበያ ወጣ። በዚህ ምክንያት ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም ከአበባው ይልቅ ብርቅ ነው፤ ሰብሳቢም በደንብ ለተጠበቀ አንድ ክብ መዳብ ለአንድ ሃምሳ ሳንቲም ብር ከሚከፍለው አብልጦ ይከፍላል። አዛውንቱ መነጽሩን ለእኔ ሰጥተው በንጉሡ አንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ አንድ ነጭ ቅሪት አሳዩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ብር ቀብቶት ነበር ማለት ነው። ወርቅ ቤቱ ወደ ጎን የገፋው፣ የአያቴ ሙዳይ ውስጥ ከነታሪኩ የኖረ ማስረጃ በእጄ ነበር። እኔ ይህን ሳንቲም ከዘጠኙ ጠገራ ብሮች በላይ ወደድሁት።

የመጨረሻዋ ጥፍር የምታህለው መዳብ ናት። አዛውንቱ አንድ ጊዜ ብቻ በመነጽር አይተው መልሰው ጨርቁ ላይ አስቀመጧት። «ይህችን አልገምትም፤ ለመግዛትም አልጠየቅም» አሉ። በዝገቱ መካከል መስቀል ይታያል፤ በሌላ በኩል የንጉሥ ራስ። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ መትተዋል፤ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ። በአንዳንዶቹ መዳቦች ላይ «ይህ አገሬውን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ፤ በጥቂቶቹም መስቀሉ መካከል ጥቃቅን ወርቅ ተለብጧል። በዘመኑ እንዲህ ያለ ጥበብ በሌላ አገር ገንዘብ ላይ የተለመደ አልነበረም። ይህ የግል ሸቀጥ ሊሆን አይገባም፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ባለሱቁ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዳሳይ ነገሩኝ፤ ለዚያች መዳብ የግምት ክፍያም አልተቀበሉኝም። ሊገዙኝና ለጎብኚ ሊሸጡት ይችሉ የነበረውን ዕቃ እንዲህ መመለሳቸው፣ ስለ ሱቁ ከሰጠሁት መልካም አስተያየት ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አሮጌ ገንዘብ በስጦታ ማስያዝ ለለመድን ሰዎችም ይህ ሊታሰብበት ይገባል፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ከመቸገር አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ማረጋገጫ መጠየቅ ይሻላል።

አገልግሎቱ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። አዛውንቱ ግምታቸውን የጻፉልኝ በእጅ፣ በተራ ወረቀት ላይ ነው፤ ማኅተም የለውም፤ ፎቶግራፍም አላነሡም። ውርስ ለመካፈል ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ወረቀት ክርክር አያቆምም። እኔ በራሴ ስልክ የእያንዳንዱን ሁለት ገጽና ጠርዝ ፎቶ አንሥቼ ከወረቀቱ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያድርግ። ክፍያውም ቢሆን ሳንቲሙ የተበሳ ግርሽም ይሁን የምኒልክ ብር እኩል ነው፤ ለብዙ ተራ ሳንቲም ባለቤት ይህ ይከብዳል፤ በቁልል ዋጋ ቢያደርጉት ደንበኛ ያስደስታሉ። ሱቁ የሚከፈተው እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል፤ እኔ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። ከሁሉ የሚከብደው፣ ዋጋ የሚያመሳክሩት በብዛት በራሳቸው ትዝታና በአንድ ያረጀ መዝገብ መሆኑ ነው። የብሩን ዋጋ በየዕለቱ ያያሉ፤ ሰብሳቢዎች በውጭ ጨረታ ስለሚከፍሉት ዋጋ ግን የሚያውቁት ወዳጆቻቸው የሚነግሯቸውን ያህል ነው። ስለዚህ ለብርቅ ሳንቲም የሰጡኝን ግምት እንደ መነሻ እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አልወሰድሁትም።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች በአሜሪካ ያሉትን፣ ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ የሚባሉትን ድርጅቶች ያውቁ ይሆናል፤ ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡና በታሸገ የፕላስቲክ ሣጥን ይመልሱታል። ለእውነተኛ ብርቅ ሳንቲም ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ እዚያው በእጃቸው ላለ አንድ የምኒልክ ብር ሊያስቡት ይችላሉ። ለተራ ጠገራ ብር ግን የምርመራውና የመላኪያው ወጪ ከብሩ ትርፍ ይበልጣል። እንዲህ ላለው ከእኔ አዛውንት የተሻለ ገማች ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለኛል።

ሰው ወደ ገማች ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አንድ ሂሳብ በራሱ ይሥራ፤ በሳንቲሙ ውስጥ ያለውን ንጹሕ ብር በግራም አውቆ በዕለቱ የአንድ ግራም ዋጋ ያባዛው። ለጠገራ 23.39፣ ለምኒልክ ብር 23.44፣ ለሃምሳ ሳንቲም ቢያንስ 4.9 ግራም ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚጠራው በአውንስ ስለሆነ ዋጋውን ለ31.1 ማካፈል ያስፈልጋል። ወርቅ ቤቱ ለእኔ የጠራው ዋጋ ከዚህ ሂሳብ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም ነበር፤ ይህንን ግን ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ከግምቱ በኋላ ቤተሰቡ እንደገና ተሰበሰበ። አጎቶቼ ወረቀቱን ተቀባብለው አነበቡት፤ ቤት እንደማያስገዛም፣ ለአንጥረኛ የሚሰጥ እንዳልሆነም ተስማሙ። ስድስቱን ተራ ጠገራ ብሮች ለአዛውንቱ ራሳቸው ሸጥን፤ የጻፉትን ግምት ሳያጓድሉ ከፈሉ። ቀለበት ያላቸውን ሁለቱን እኅቴ በአዲስ ድሪ አሠርታ ለልጇ ጥምቀት አስራቻቸዋለች። የምኒልኩ ብር፣ አላዱና የተፈተገው ብር ገና አልተሸጡም፤ ሌላ ገማች እስካገኝ አቆይቻቸዋለሁ። የአክሱሟን መዳብ ለባለሥልጣኑ አሳይቼ አስመዝግቤያለሁ። ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም ግን፣ በንጉሡ አንገት ሥር ያለው ነጭ ቅሪት ሳይነካ፣ በዚያው በነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ወደ አያቴ ሙዳይ ተመልሷል።